«አይሆንም» የማይባልበት ኢኮኖሚ፦ ከሶሻሊዝም ዘመን ምን እንማር?

ኑሮ ሲከብድ ሰው ወደ ኋላ ይመለከታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በየቤቱና በየዕድሩ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላም በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወሬው ተመሳሳይ ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ዘይቱም መድኃኒቱም ነዳጁም ተከታትለው ወጡ። ደመወዙ ግን ባለበት ቆመ፤ ቢንቀሳቀስም እንደ ዔሊ ነው።

በዚህ መካከል ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው «በደርግ ጊዜ እኮ የቤት ኪራይ እንዲህ አልነበረም፤ ስኳሩም በኅብረት ሱቅ በተመን ይገኝ ነበር» ይላል። ያን ዘመን ያላዩ ወጣቶችም፣ በአገር ቤትም በውጭም፣ ስለ ሶሻሊዝም እያነበቡ «ያኔ አፈጻጸሙ ነው እንጂ ሐሳቡ ትክክል ነበር» ማለት ጀምረዋል። ሁለተኛው ድምፅ ደግሞ «ገበያው ብቻ ይለቀቅ፤ ሌላው ሁሉ ራሱ ይስተካከላል» የሚል ነው።

እኛ የወንጌል አማኞች በዚህ ክርክር ውስጥ የምንገባው ጠባሳ ይዘን ነው። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት መወረሱን፣ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. መዘጋቷንና ንብረቷ መወሰዱን፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው መገደላቸውን አንረሳም። ስለዚህ «ሶሻሊዝም» የሚለው ቃል ሲነሣ ብዙዎቻችን ውይይቱን በአንድ ቃል እንዘጋዋለን፦ «ክህደት ነው!»

መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ግን አልተሟላም። የደርግን እምነት የለሽነት ስናወግዝ የኢኮኖሚውን ትምህርት ሳንቀስመው ቀረን። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። እኛም ምሳራችንን አንሥተን ቅርንጫፉን ስንቆርጥ ዛፉ ለምን እንደ ወደቀ ሳንጠይቅ ብዙ ዓመት አለፈ። ዛሬ ግን ጥያቄው የግድ ሆኗል። ባንኮች ለውጭ ባለሀብት ሊከፈቱ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቷል። የአክሲዮን ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የቤት ኪራይን የሚቆጣጠር አዋጅም በ2016 ዓ.ም. ጸድቋል። አንዱ ወደ ገበያ፣ ሌላው ወደ መንግሥት ቁጥጥር ይስባል። ታዲያ በምን እንመዝናቸው?

በሽታው እውነተኛ ነበር

በመጀመሪያ ፍትሕን እንጠብቅ። ሶሻሊዝም በኢትዮጵያ ከሰማይ አልወረደም። በተለይ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ጭሰኛው የምርቱን ግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ለባለ መሬት ይከፍል ነበር። ባለ መሬቱ «ልቀቅ» ካለው የሚሄድበት አልነበረውም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ለመሸፈን ሞከረ። «መሬት ለአራሹ» የተባለው ጩኸት የተወለደው ከዚህ ግፍ ነው።

ስለዚህ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆኖ ሲታወጅ፣ ለአንድ ቤተ ሰብም እስከ 10 ሄክታር እንዲደርሰው ሲወሰን፣ ደስታው የአደባባይ ሰልፍ ብቻ አልነበረም። ጭሰኛው በእውነት ነጻ ወጣ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል፤ የዩኔስኮ ሽልማትም አግኝቷል። በዚያ ዘመቻ ፊደል ቆጥረው መጽሐፍ ቅዱስን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ያነበቡ እናቶችና አባቶች በየአጥቢያችን ነበሩ። ይህን መካድ አይገባም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በእንዲህ ያለ ደስታ የተጀመረ ነገር በ15 ዓመት ውስጥ ገበሬው ራሱ የሚሸሸው ነገር እንዴት ሆነ?

ዋጋ ትእዛዝ ሲሆን

ከመሬት አዋጁ ጥቂት ቆይቶ መንግሥት እህል ሰብሳቢ ሆነ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚባል ተቋም ቆመ። ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ተደለደለ። ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው ነው፤ ሻጩ አይጠየቅም። ያ ዋጋ ከነጻ ገበያው በብዙ ያነሰ ነበር፤ አንዳንዴ ግማሹን እንኳ አይሞላም። እህል ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እንዳያልፍ በየመንገዱ ኬላ ነበር። ትርፍ አምራች በሆኑት በአርሲና በጎጃም የግል እህል ነጋዴ ጨርሶ የታገደበት ጊዜም አለ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ኮታው ካመረተው በላይ የሆነበት ገበሬ በግ ሸጦ፣ ከገበያ በውድ እህል ገዝቶ፣ ለመንግሥት በርካሽ አስረከበ። ይህ ተረት አይደለም፤ በብዙ አካባቢ የተመዘገበ ነው። የቻለው ደግሞ ለቤቱ ከሚበቃው በላይ ማምረቱን ተወ። ማን ይፈርድበታል? ትርፉ የሌላ ከሆነ ድካሙ ለምን የእርሱ ይሆናል?

ዋጋ ወሬ ነው። ጤፍ ሲወደድ «ጤፍ ጎድሏልና ዝሩ» እያለ ለገበሬው ይነግረዋል፤ «ቆጥባችሁ ብሉ» እያለ ለከተሜው ይነግረዋል። ዋጋን በትእዛዝ ማሰር ግን የወሬ ነጋሪውን አፍ ማሰር ነው። ጉድለቱ አይጠፋም፤ ወደ ሰልፍ ይለወጣል። የኅብረት ሱቅን ወረፋ ያዩ ይህን ያውቁታል። ስኳሩ ርካሽ ነበር፤ ችግሩ ስኳሩ መገኘቱ ላይ ነበር።

የቤት ጉዳይም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራይ ተቀነሰ። ለተከራዩ እውነተኛ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ኪራዩ ለአሥርተ ዓመታት ባለበት ቀረ። ቀበሌው በሚሰበስበው ጥቂት ብር ጣራ ማደስ አልቻለም፤ ለኪራይ ብሎ አዲስ ቤት የሚሠራም አልነበረም። በ1967 ቤት ውስጥ የነበረ ሰው ተጠቀመ፤ ከዚያ በኋላ የተወለደው ልጁ ግን እዚያው የአባቱ ቤት ጓዳ ውስጥ አግብቶ ወለደ። ዛሬ የኪራይ ቁጥጥር አዋጁን ስንመዝን ይህን ማስታወስ ይገባል። በቤት ውስጥ ያለውን ተከራይ ከድንገተኛ ጭማሪ መጠበቅ ተገቢ ነው። ግን አዋጅ ግድግዳ አያቆምም። አዲስ ቤት የሚያሠራ ነገር አብሮት ከሌለ ሸክሙን ዛሬ ቤት ከሚፈልገው ላይ አንሥቶ ነገ ቤት በሚፈልገው ላይ ይጭነዋል።

የማይከስር ድርጅት

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ኪሳራ ነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮችና መድን ድርጅቶች፣ በጥር ወር ደግሞ 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ ተወረሱ። ሰፋፊ የመንግሥት እርሻዎችም ተቋቋሙ። እነዚህ እርሻዎች ከሚታረሰው መሬት የያዙት ጥቂት በመቶ ብቻ ሲሆን ለግብርና ከተመደበው የመንግሥት ገንዘብ አብዛኛውን ወሰዱ። ትራክተሩም ማዳበሪያውም የእነርሱ ነበር። ከሰሩ፤ ግን አልተዘጉም። ኪሳራውን ግምጃ ቤቱ ሸፈነላቸው።

የሃንጋሪው ምሁር ያኖሽ ኮርናይ በሶሻሊስት አገር ውስጥ እየኖረ ይህን በሽታ አጥንቶ ስም አወጣለት፦ «ለስላሳ የበጀት ገደብ»። ነገሩ ቀላል ነው። አባቱ ዕዳውን ሁልጊዜ የሚከፍልለት ልጅ ገንዘብ መያዝ አይማርም። ድርጅትም እንዲሁ ነው። እንደማይወድቅ ካወቀ ሥራ አስኪያጁ የሚደክመው ደንበኛን ለማስደሰት ሳይሆን አለቃን ለማስደሰት ነው።

ይህ በሽታ ከደርግ ጋር አልተቀበረም። በ2000ዎቹ ዓመታት «ልማታዊ መንግሥት» በሚል ስም ለስኳር ፋብሪካዎች፣ ለባቡር፣ ለኃይል ማመንጫ ብዙ ገንዘብ ተበደርን። አንዳንዱ ሥራ ፍሬ ሰጠ፤ አንዳንዱ ፋብሪካ ግን ዓመታት ዘገየ። አበዳሪው በአብዛኛው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነበር። በመጨረሻ በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ድርጅቶች ለባንኩ ያልከፈሉትን ዕዳ ለመሸፈን እስከ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት ቦንድ እንዲወጣ የተወካዮች ምክር ቤት አጸደቀ። ያ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ከግብር ከፋዩ ነው። ያልተማከረው ሰው ከፋይ ሆነ ማለት ነው።

ክፉ ወሬ የማይነገርበት ቤት

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ተከበረ። በዚያው ወቅት በወሎና በትግራይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከወራት በፊት ለለጋሾች አስጠንቅቋል። በቤተ መንግሥት በኩል ግን በዓሉ እንዳይበላሽ ነገሩ እንዲድበሰበስ መፈለጉን የኮሚሽኑ ኃላፊ የነበሩት ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ከአገር ከወጡ በኋላ ጽፈዋል። ዓለም በሰፊው የሰማው በጥቅምት ወር የቢቢሲ ዘገባ ሲተላለፍ ነው። በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን አለቁ። ድርቁ ነበር፣ ጦርነቱም ነበር፤ ዝምታው ግን ሁለቱንም አባሰ።

ልብ በሉ! ወሎን የደበቀውን ንጉሣዊ መንግሥት ከስሶ የተነሣው ሥርዓት በአሥር ዓመቱ ያንኑ ደገመው። በቻይናም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1961 «ታላቁ ወደፊት ግስጋሴ» በተባለው ዘመቻ የየአውራጃው ሹማምንት አለቆቻቸውን ለማስደሰት ያልተመረተ እህል ተመረተ ብለው ሪፖርት ላኩ። መንግሥት በሪፖርቱ መሠረት እህል ሰበሰበ። ገበሬው በአሥር ሚሊዮኖች አለቀ። ሹሙ ውሸታም ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እውነት መናገር የሚያስቀጣበት ቦታ ላይ ስለተቀመጠ ነው።

ሦስቱን ስናያይዛቸው አንድ ነገር ይወጣል። ገበሬው «በዚህ ዋጋ አልሸጥም» ማለት አልቻለም። ባንኩ «ለከሰረ አላበድርም» ማለት አልቻለም። ሹሙ «ጌታዬ፣ ሕዝቡ እየተራበ ነው» ማለት አልቻለም። ያ ኢኮኖሚ የታመመው «ተካፈሉ» ስላለ አልነበረም። «አይሆንም» የሚል ሰው ስላልነበረው ነው።

«አይሆንም» ሲመለስ ምን ሆነ?

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል «አይሆንም» ማለት በተፈቀደበት ቦታ የታየውን እንመልከት።

በሶቭየት ኅብረት የጋራ እርሻ አባላት ከቤታቸው አጠገብ ለራሳቸው የሚያርሷት ትንሽ ጓሮ ትፈቀድላቸው ነበር። እነዚህ ጓሮዎች ተደምረው ከሚታረሰው መሬት ከ3 እስከ 4 በመቶ ቢሆኑ ነው። ከእርሻው ምርት ግን ሩብ ያህሉ ከእነርሱ ይገኝ ነበር፤ ድንቹ፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ። ሰዉ ያው ሰው፣ አፈሩም ያው አፈር ነው።

በቻይና አንሁዊ ክፍለ ሀገር ሺያዎጋንግ በምትባል ድሃ መንደር እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ 18 ገበሬዎች በምስጢር ተሰብስበው ተፈራረሙ። የጋራውን መሬት በየቤተ ሰቡ ተከፋፍለው ሊያርሱ፣ የመንግሥቱን ድርሻ ሰጥተው የተረፈውን ለራሳቸው ሊያስቀሩ ተስማሙ። መሪዎቻቸው ቢታሰሩ የተቀሩት ልጆቻቸውን ሊያሳድጉላቸውም ቃል ገቡ። አልታሰሩም፤ አሠራሩ በአገሪቱ ተዛመተ። የቻይና የእህል ምርት እ.ኤ.አ. በ1978 ከነበረበት 305 ሚሊዮን ቶን ገደማ በ1984 ወደ 407 ሚሊዮን ቶን ደረሰ። ልብ እንበል፤ መሬቱ የግል አልሆነም። የተለወጠው ገበሬው በድካሙ ፍሬ ላይ ያለው መብት ነው። የመሬት ባለቤትነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት በእኛ አገር ይህ ትልቅ ትምህርት አለው። «መሬት ይሸጥ ወይስ አይሸጥ» ብለን ስንከራከር «ገበሬው ነገ እንደማይነቀል ያምናል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ እንዳንዘነጋው።

በእኛም አገር ፈተናው ተሰጥቷል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ። ገበሬው ከአምራቾች ማኅበር መውጣት እንደሚችል ሲነገረው ምን አደረገ? በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹ ማኅበራት ፈረሱ። መሬቱንም በሬውንም ተካፍለው ወደየቤታቸው ሄዱ። ከአሥር ዓመት በላይ ስለ ማኅበሩ ጥቅም ሲሰበክ ነበር። እውነተኛው ድምፅ የተሰማው በሩ የተከፈተ ቀን ነው።

የታንዛኒያ ታሪክ ይበልጥ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ጁሊየስ ኔሬሬ ቅን ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1967 በአሩሻ ያወጁት «ኡጃማ» በቤተ ሰብ መተሳሰብ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ በፈቃድም ተጀመረ። ሕዝቡ ሲዘገይ ግን ከ1973 ጀምሮ ሚሊዮኖች በግድ ወደ መንደር እንዲገቡ ተደረገ። በ1976 ደግሞ ገበሬዎች ራሳቸው ለዓመታት የገነቧቸው የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ፈርሰው በመንግሥት ድርጅቶች ተተኩ። በስድስት ዓመቱ፣ በ1982፣ ዩኒየኖቹ እንዲመለሱ ሕግ ወጣ። ቅን መሪ እንኳ በግዴታ የመተባበርን መንፈስ ሊያፈራ አልቻለም።

ገበያውንስ ማን ይመዝነው?

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ገበያው ያሸንፋል» ሊል ይችላል። አንቸኩል። ያው ሚዛን ለገበያውም ይያዝ።

ገበያ መልካም የሚሆነው ሁለቱም ወገን «አይሆንም» ማለት ሲችሉ ነው። ከተማው ሁሉ ተወዶበት ልጆቹን ይዞ የሚሄድበት የሌለው ተከራይ በስም ነጻ ተዋዋይ ነው፤ በተግባር ግን የተባለውን ይፈርማል። አንድ ገዢ ብቻ ያለበት የቡና ገበሬም እንዲሁ ነው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ መሆኑን፣ ይህም በዓለም ካሉት ሁሉ ዝቅተኛ መሆኑን ጽፈዋል። ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ዓመት ሳይሞላቸው እየለቀቁ ሄዱ። «አይሆንም» ያሉት በእግራቸው ነው። መውጫ የነበራት ወጣች። መውጫ የሌላትስ?

የገበያ ደጋፊዎች ለመንግሥት ድርጅት የሚነፍጉትን ድጎማ ለባለጸጋ ሲሆን ዝም እንዳይሉም መጠየቅ አለባቸው። ባለሥልጣን የሚያውቅ ነጋዴ ያለ ዋስትና ተበድሮ ሳይከፍል ቢቀር፣ ያው «ለስላሳ የበጀት ገደብ» ካባውን ለውጦ መጣ ማለት ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው አባባል የሶሻሊስት ሹም ብቻ አይደለም የሚያሳየው።

ሌላ መንገድ አለ?

አለ፤ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1846 እና በ1847 ክረምት በጀርመን ብርቱ ረሃብ ነበር። ፍሪድሪክ ቪልሄልም ራይፋይዘን የተባለ የወንጌል አማኝ የቫየርቡሽ ከንቲባ ነበር። ሀብታሞችን አስተባብሮ ማኅበር አቋቋመ፤ ምድጃ አሠራ፤ ለድሆች ዳቦ በዱቤ አደለ። መልካም ሥራ ነበር። ግን ከዓመታት ልምድ በኋላ አንድ ነገር ተረዳ፦ በሀብታም በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ የቆመ ነገር አይዘልቅም። ስለዚህ በ1864 በሄደስዶርፍ ገበሬዎቹ ራሳቸው አባል፣ ራሳቸው ቆጣቢ፣ ራሳቸው ተበዳሪና ዋስ የሆኑበትን የብድር ማኅበር አቋቋመ። ለሰነፍ የሚያበድር አባል የራሱን ላም ያጣል፤ ስለዚህ ይጠይቃል፣ ይከታተላል። ዛሬ በብዙ አገር ያሉ የገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበራት የዚህ ሰው ልጆች ናቸው።

በስፔን ባስክ ምድር ሞንድራጎን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1956 አንድ የካቶሊክ ካህን ባስተማራቸው ወጣቶች የተጀመረው የሠራተኞች የኅብረት ሥራ ዛሬ ወደ 70 ሺህ ሰው የሚሠራበት ስብስብ ነው። ከሁሉ የሚያስተምረው የደረሰበት ውድቀት ነው። ፋጎር የተባለው የቤት ዕቃ አምራች እ.ኤ.አ. በ2013 ሲከስር ሌሎቹ ማኅበራት ብዙ ከረዱት በኋላ «ከዚህ በላይ አንችልም» አሉ። ድርጅቱ ወደቀ። አባል ሠራተኞቹን ግን አልጣሏቸውም፤ አብዛኞቹን በሌሎች እህት ማኅበራት ሥራ አስያዟቸው፣ ወይም ቀደም ብለው ጡረታ አስወጧቸው። ድርጅትን ሳይሆን ሰውን ማዳን ማለት ይህ ነው።

በአገራችንም በ1982 ዓ.ም. የፈረሰው «ማኅበር» የሚለው ስም ብቻውን ተዋርዶ አልቀረም። በ1991 ዓ.ም. በወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ በፈቃድ የተደራጁ ገበሬዎች ዩኒየኖች አቋቋሙ። በዚያው ጊዜ የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ከ400 በላይ ማኅበራትን አቅፎ ቡናን በቀጥታ ለውጭ ገበያ ያቀርባል። ዕድራችንንና ዕቁባችንንማ ማን አዘዘን? ንጉሥም ደርግም ኢሕአዴግም አለፉ፤ ዕድር አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ድሩ በፈቃዱ ሲያብር ነው።

ናቡቴና ሐናንያ

መጽሐፍ ቅዱስ የኢኮኖሚ ፖሊሲ መጽሐፍ አይደለም። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 21 ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ሲመኝ በመጀመሪያ የመጣው በሰይፍ አልነበረም። የተሻለ ቦታ ወይም የሚገባውን ዋጋ ሊሰጥ ቀርቦ ነው፤ ማለትም እንደ ጥሩ ገዢ። ናቡቴ ርስቴን አልሰጥም አለ። ኤልዛቤል ሐሰተኛ ምስክር አቁማ ያስገደለችው በዚህ «አይሆንም» ምክንያት ነው። ኤልያስም የተላከው ለዚህ ነው። እግዚአብሔር የአንድ ተራ ሰው «አይሆንም» በንጉሥ ፊት እንዲከበር ይፈልጋል። ገዢው መንግሥት ይሁን ባለ ብዙ ገንዘብ ለውጥ የለውም።

በሐዋርያት ሥራ የምናነበውን የጋራ ኑሮ ብዙዎች ለሶሻሊዝም ማስረጃ ያቀርቡታል። አዎን፣ ያመኑት ያላቸውን ይካፈሉ ነበር፤ ይህን አለዝበን ማለፍ የለብንም። ከመካከላቸው ችግረኛ አልነበረም የተባለላት ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የት አለች? ነገር ግን በምዕራፍ 5 ጴጥሮስ ለሐናንያ ያለውን እናስተውል፦ መሬቱ ሳይሸጥ የራሱ ነበር፤ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በእጁ ነበር። የተጠየቀበት ስላልሰጠ ሳይሆን ስለ ዋሸ ነው። ያ ማካፈል መንፈሳዊ የሆነው አለማካፈል ስለሚቻል ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ይህ ለፓርላማ አባላት ብቻ የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። ዛሬ በየአጥቢያችን የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የቤት ሥራ ማኅበር፣ የአክሲዮን ሽያጭ ይታወጃል። በውጭ ያሉ ወገኖችም ገንዘብ ይልካሉ። ከፖለቲካ መድረክም አዳዲስ ስም ያላቸው ሐሳቦች ይመጣሉ። ስሙ «ሶሻል» ይሁን «ነጻ ገበያ»፣ «ብልጽግና» ይሁን «መደመር»፣ ወይም «የወንድማማቾች ማኅበር»፣ አራት ጥያቄ እንጠይቅ።

አንደኛ፦ መውጣት ይቻላል ወይ? አባሉ ድርሻውን ይዞ በሰላም ሊሄድ ካልቻለ ያ ኅብረት አጥር ነው።

ሁለተኛ፦ ዋጋው እውነት ይናገራል ወይ? ድሃን መርዳት ካስፈለገ፣ ያስፈልጋልም፣ ለድሃው በግልጥ ይሰጠው። ዋጋን አስሮ ሁሉን በሰልፍ ማቆም ግን ድሃውን በመጨረሻ ወረፋ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ዘመድ ያለው በጓሮ በር ይገባልና።

ሦስተኛ፦ ሲከስር ማን ይከፍላል? ውሳኔ የሰጠው ሰው ከኪሳራው ካልተካፈለ ገንዘባችንን ለሌላ ሰው ድፍረት ዋስ አድርገናል።

አራተኛ፦ ክፉ ወሬ ወደ ላይ ይደርሳል ወይ? ሒሳቡ በውጭ ኦዲተር ይመረመራል? ጥያቄ ያነሣ አባል «መንፈሱ ልክ አይደለም» ይባላል ወይስ ይመለስለታል? በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር የሚቆም ማኅበር ይህን ጥያቄ ከዓለሙ ይልቅ አጥብቆ ሊፈራው ሳይሆን ሊወደው ይገባል።

እነዚህን የሚያልፍ ሐሳብ ከየትም ይምጣ እንስማው። የማያልፈውን የምንወደው መሪ ቢያመጣውም እንመርምረው። ጭሰኛው በ1967 ዓ.ም. ነጻ በወጣ ጊዜ ደስታው እውነተኛ ነበር። ያን ደስታ የነጠቀው «አልሸጥም»፣ «አልገባም»፣ «እየተራብን ነው» የማለት መብቱ ከመሬቱ ጋር አብሮ ስላልተሰጠው ነው። ለድሃ እንጀራ የምንለምን ሁሉ አፉንም አብረን እንለምንለት።